ሃይማኖት ለሳይንስ ምን ሰጠው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ። ተማሪዎቼ ፎቶ ኮፒ አድርገው ክፍል ድረስ ይዘውት መጡ። አንዱማ "ቲቸር፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ፊዚክስ ምን ያደርግልናል?" አለኝ። ጥያቄው የቀልድ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል።

ጽሑፉ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ዘመናዊ ሳይንስ የሃይማኖት ልጅ ነው፤ እነ ኬፕለርና ኒውተን ሕጎቻቸውን ያገኙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዓላትን የምናወጣበት የእኛ ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ሰማይን ማየት ሳያስፈልገው እስከ ዛሬ ዝንፍ አይልም። መጽሐፈ ሄኖክ የጠፈር ሳይንስ ነው፤ ፈረንጆች ወስደው ተጠቀሙበት። ኮምፒውተር የሚሠራበት የ0 እና የ1 አቆጣጠር ከእኛ ማባዣ የተኮረጀ ነው። ቢግ ባንግ የሚባለው የዓለም አጀማመር ንድፈ ሐሳብ የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቃል አረጋገጠ። ስለዚህ የጎጃም ወጣት ላብራቶሪ ከሚመኝ የገዳማቱን ብራና ይግለጥ፤ ሁሉም እዚያ አለ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ብዕራቸው ይጥማል። ለአገርና ለቤተ ክርስቲያን ያላቸው ፍቅርም ከየመስመሩ ይነበባል። እኔም ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት፤ ከእምነታቸው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከማስረጃቸው ጋር ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው እሳቸው ከሚያስቡት በላይ እውነት አለው ባይ ነኝ። ግን ያንን እውነት የፈለጉት በሌለበት ቦታ ነው።

ከምስማማበት ልጀምር። ሳይንስና ሃይማኖት ከልደታቸው ጀምሮ ደመኛ ናቸው የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ይህን ወሬ ስናወራ የኖርነው ደግሞ እኛው የሳይንስ መምህራን ነን። ጋሊልዮ በ1633 ፍርድ ፊት መቅረቡን እንተርካለን። (የውጭውን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮፐርኒከስ የካቴድራል አገልጋይ እንደነበረ፣ በ1543 የታተመውን መጽሐፉንም ለሮሙ ጳጳስ ለጳውሎስ 3ኛ እንዳበረከተ ግን እንዘላለን። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል አተሩን የዘራው ገዳም ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ለተማሪ አለመንገር ማጭበርበር ነው።

ጸሐፊው ግን ከስም ዝርዝር አያልፉም። ኬፕለር አማኝ ነበር፣ ኒውተን አማኝ ነበር፣ ስለዚህ ሳይንሳቸው ከእምነታቸው ወጣ ይላሉ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አማኝ ያልሆነ ሰው በመብራት ተፈልጎም አይገኝ። የኬፕለር ጫማ ሰፊም አማኝ ነበር። ተጽዕኖ አለ ለማለት እምነቱ በየትኛው በር ወደ ስሌቱ እንደገባ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ እሳቸው አላደረጉትም እንጂ።

እስኪ ኬፕለርን እንየው። ቱቢንገን ላይ ነገረ መለኮት ያጠና ሰው ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በጂኦሜትሪ ሠራ ብሎ ያምን ነበር። በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ የፕላኔቶችን ርቀት አንዱ በሌላው ውስጥ በተሰካኩ አምስት ጠጣር ቅርጾች ሊያስረዳ ሞከረ። ሐሳቡ ያምራል። ግን ስሕተት ነበር። ቆይቶ ቲኮ ብራሄ ለብዙ ዓመታት የሰበሰበው የማርስ ምልከታ እጁ ገባ። ኬፕለር ማርስን በክብ መንገድ አስኪዶ ሲያሰላ ውጤቱ ከምልከታው በ8 የቅስት ደቂቃ ተለየ። 8 ደቂቃ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን አላት" ብሎ ያልፋት ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮን የመሰለ ጠንቃቃ ተመልካች የሰጠን አምላክ ስለሆነ ስጦታውን በምስጋና ተቀብለን ልንጠቀምበት ይገባል ብሎ ጻፈ። ክቡን ጣለው። በ1609 መንገዱ ሞላላ መሆኑን አሳተመ።

እምነቱ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቷል። መጀመሪያ መልስ ሆኖ ገባ፤ አምስቱ ቅርጾች ማለት ነው፤ ወደቀ። ሁለተኛ ግን ሥርዓት አለ የሚል ተስፋና ምልከታን የማክበር ግዴታ ሆኖ ገባ። ይኸኛው ፍሬ አፈራ። ሞላላውን ከየትኛውም ጥቅስ አላገኘውም፤ ከማርስ ነው ያገኘው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርትም ላይ ነገሩ ያው ነው። እግዚአብሔር የማይለወጥ ስለሆነ በዓለም ላይ ያለው የእንቅስቃሴ መጠንም አይጨምርም፣ አይቀንስም ብሎ በ1644 ጻፈ። ተማሪዎቼ "ኮንሰርቬሽን" እያሉ ለፈተና የሚሸመድዱት ሕግ አንዱ አያቱ ይህ ነው። መነሻው ጥርት ያለ ሃይማኖታዊ ሐሳብ ነው። ግን ያ የማይለወጠው ነገር ምንድን ነው? ዴካርት የአንድ አካል ግዝፈት በፍጥነቱ ሲባዛ ነው አለ፤ አቅጣጫን ዘነጋ። በ1686 ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ ተነሣና የለም፣ ግዝፈት በፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው አለ። እሱም የሚነሣው ከፈጣሪ ጥበብ ነው። ሁለቱም አማኞች ናቸው፤ ቀመራቸው ግን ለየቅል ነው። ታዲያ ማን ይዳኛቸው? በ1720ዎቹ ስግራቨሳንደ የሚባል ሆላንዳዊ የናስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ ለስላሳ ሸክላ ላይ ይጥል ጀመር። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው ኳስ ሸክላውን አራት እጥፍ አሰረጎደው። ላይብኒትዝ ደስ ሳይለው አልቀረም ልል ነበር፤ ግን ያኔ ሞቷል። ኋላ ላይ ሲጣራ ደግሞ ዴካርትም ከነጭራሹ አልሳተም ነበር። አቅጣጫ ሲጨመርበት የሱም ቀመር ሕግ ሆኗል። ዛሬ ሁለቱንም እናስተምራለን።

እኔ ተጽዕኖ የምለው ይህን ነው። ሃይማኖት "የማይለወጥ ነገር ፈልጉ፣ ታገኛላችሁ" የሚል ድፍረት ሰጠ። የትኛው እንደሆነ የወሰነው ሸክላው ነው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሡት፣ ለእኛ ግን ከኒውተን ይልቅ የሚቀርበን አንድ ሰው አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኑስ። የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበል ክርስቲያን ነበር፤ በዚህ በኩል ከእኛ ወገን ነው። (በኋላ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ በጻፈው ነገር ተወግዟል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) በዘመኑ የአርስቶትል ትምህርት ነግሦ ነበር። ሰማይ ከምድር ፈጽሞ በተለየ አምስተኛ ባሕርይ የተሠራ፣ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ነው ይባል ነበር። ፊሎፖኑስ ይህን አልተቀበለም። ክርክሩ የሚነሣው ከእምነቱ ነው። ፀሐይም ከዋክብትም ፍጡራን ናቸው። ፍጡር ከሆኑ አማልክት አይደሉም። አማልክት ካልሆኑ የሰማዩ እሳትና የምድጃው እሳት የተለያየ ሕግ የሚኖራቸው በምን ምክንያት ነው?

ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኒውተን ታላቅ ሥራ አንድ ፍሬ ከዛፍ የሚወድቅበትና ጨረቃ የምትዞርበት ኃይል አንድ ነው ማለቱ ነው። ሰማይና ምድር አንድ ሕግ አላቸው ብሎ ለመገመት መጀመሪያ ሰማይን ከአምላክነት ማውረድ ያስፈልጋል። ያንን ያወረደው "በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ" የሚለው እምነት ነው። ፊሎፖኑስ በዚህ አላበቃም። ክብደታቸው እጅግ የተለያየ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢጣሉ የመውደቂያ ጊዜያቸው ልዩነት ኢምንት መሆኑን ጻፈ፤ ከጋሊልዮ ሺህ ዓመት በፊት። ጋሊልዮም በጽሑፎቹ ስሙን ያነሣዋል። እንግዲህ ጸሐፊው ሃይማኖት ለሳይንስ ያደረገውን ማሳየት ከፈለጉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ያመጣሉ? ግን ምሳሌው ለመደምደሚያቸው አይመችም። ፊሎፖኑስ ስለ መውደቅ ሲከራከር ጥቅስ አልጠቀሰም። ጥላችሁ እዩት ነው ያለው።

አሁን ወደ ባሕረ ሐሳብ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የእኛ ጉዳይ ነውና።

ጸሐፊው ባሕረ ሐሳብ ለእስክንድርያው ጳጳስ ለድሜጥሮስ በሱባኤ ተገለጠለት ይላሉ። ትውፊቱን አልነካውም፤ በፍቅር የተማርኩት ነው። የቀኑ ሱባኤ 23 ጊዜ 7፣ የሌሊቱ 7 ጊዜ 7 እየተባለ ከአንዱ አበቅቴ (የጨረቃ ትርፍ ቀን)፣ ከሌላው መጥቅዕ (የበዓላት ማውጫ ቁጥር) ሲወጣ መስማት ደስ ይላል። የምመልሰው "ሰማይን ማየት ሳያስፈልገው እስከ ዛሬ ዝንፍ አይልም" ለሚለው ነው። ይህ አባባል ሊፈተሽ ይችላል። እንፈትሸው።

የ2017 ዓ.ም.ን ፋሲካ እናውጣ። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረውን 5500 ከ2017 ጋር ስንደምር 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንዱ ስለ ዘመን ይቀነሳል፤ 11 ይቀራል፤ ወንበር የሚባለው እሱ ነው። ወንበርን በ11 ስናባዛ 121፣ በ30 ስንገድፍ (30ዎቹን አውጥተን ትራፊውን ስንይዝ) 1፤ አበቅቴ። ወንበርን በ19 ስናባዛ 209፣ በ30 ስንገድፍ 29፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሆኑ፤ ስሌቱ ልክ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ (በየዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4 ነው። 29 እና 4፣ 33፤ በ30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 12። በዓሉም በዚያ ቀን ዋለ።

ይህን አንድ የአቡሻክር፣ ማለትም የዘመን ስሌት መጽሐፍ ተማሪ በጣቶቹ እየቆጠረ፣ ወረቀት ሳይነካ ያወጣዋል። እኔ ዛሬም እደነቃለሁ። ካልኩሌተር የያዘው ተማሪዬ ይቀደማል።

ግን ቁጥሮቹ ከየት መጡ? 11ዱ የፀሐይ 365 ቀንና የጨረቃ 354 ቀን ልዩነት ነው። 19ኙ ደግሞ ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው የሚገናኙበት ዙር ነው። ይህን ዙር ሜቶን የሚባል የአቴና ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆታል፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜንም ብትሆን ከጥንት ግብፃውያን የመጣች ናት። ስለዚህ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ሰማይን ያየ ሰው አለ። ለዘመናት ሌሊት ሌሊት እየወጣ ጨረቃ የቆጠረ አረማዊ አለ። የእስክንድርያ አባቶች ያንን ምልከታ ከአረማዊ ነው ብለው አልጣሉትም፤ ለፋሲካ አዋሉት። አቡሻክር ብለን የምንጠራው መጽሐፍ ራሱ በ13ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ውስጥ የኖረ ዲያቆን በዐረብኛ የጻፈው፣ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። አባቶቻችን ከውጭ መውሰድን አልጠሉም ነበር።

ዝንፍስ ይላል? ይላል። 19 የባሕረ ሐሳብ ዓመት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። ጨረቃ በዚያ ዙር 235 ጊዜ ስትታደስ የሚፈጅባት ግን 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል። በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ምንም አይደለም። በ310 ዓመት ገደማ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ከጥንት ጀምሮ ሲጠራቀም ዛሬ አራት ቀን ያህል ደርሷል። በ2017 የፋሲካው ሙሉ ጨረቃ በስሌቱ የዋለው ሚያዝያ 9፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። ሰማይ ላይ ጨረቃ የሞላችው ግን ሚያዝያ 5 ሊነጋጋ ሲል፣ ለሆሳዕና አጥቢያ ነው። ሐሙስ ማታ ደጅ የወጣ ሰው ጨረቃን ወዲያው አላገኛትም። አምሽታ፣ ጎኗ ጎድሎ ነው የወጣችው።

ይህ ባሕረ ሐሳብን ያዋርዳል? በጭራሽ። የበዓል ስሌት ሥራው ሁሉም ምእመን በአንድ ቀን እንዲያከብር ማድረግ ነው፤ ያንን እየሠራ ነው። ግን የበዓል ስሌትን የጨረቃ ምልከታ ነው ማለት ሁለቱንም መበደል ነው።

ጸሐፊው ፈረንጆች የዘመን አቆጣጠራቸውን ያሻሻሉት ከእኛ ቀድተው ነው ማለታቸውም አልገባኝም። የጎርጎርዮስ ማሻሻያ በ1582 የተደረገው ፋሲካ ከቦታው እየሸሸ ነው ተብሎ ነው። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነበር። እንዲያውም እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት ታሪክ አለ። ቦሎኛ ውስጥ ሳን ፔትሮኒዮ የሚባል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1655 ካሲኒ የሚባለው የሥነ ፈለክ ሰው ጣሪያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አስበጅቶ ወለሉ ላይ ረጅም መስመር ዘረጋ። እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ምስል በመስመሩ ላይ ያርፋል። ምስሉ ከወቅት ወቅት ቦታውንም ስፋቱንም ይለውጣል። ካሲኒ የስፋቱን ለውጥ ለክቶ የኬፕለርን ሐሳብ የሚደግፍ ማስረጃ አገኘ። ቤተ ክርስቲያን ለፋሲካ ብላ ሕንጻዋን መሣሪያ አደረገችው። ሃይማኖት ሳይንስን እንዲህ ነው የረዳው፤ ጥያቄ አምጥቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ ወለሉን ሰጥቶ።

ስለ ሄኖክ የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ይህ የአገር ኩራት ነው። በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የደረሰው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወስዷቸዋል። እስከዚህ ልክ ነው። ናሳ ሮኬት ያመጠቀው በሄኖክ ነው የሚለው ግን ወሬ ነው፤ ጸሐፊውም ማስረጃ አላቀረቡም።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሄኖክ በመልአኩ ዑርኤል አማካይነት የፀሐይን ደጆች ሲያይ ዓመቱ 364 ቀን ነው ይላል። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ዓመቱን 365 ከሩብ ያደርጋል። ልዩነቱ በዓመት አንድ ቀን ከሩብ ነው፤ በመቶ ዓመት 125 ቀን። አባቶቻችን በሄኖክ ቢቆጥሩ ኖሮ ፋሲካ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ወደ ገና ሰሞን ይሸሽ ነበር። ሄኖክን ከ81ዱ መጻሕፍት ቆጥረው፣ አክብረው ያነባሉ። በዓል ሲያወጡ ግን በ365 ከሩብ ይሄዳሉ። ለየትኛው ጥያቄ የትኛው መጽሐፍ እንደሚከፈት አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው ግን ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር "ፍጹም ሳይንስ" ይሏቸዋል። ሁለቱም ፍጹም ሊሆኑማ አይችሉም። 364 ወይስ 365?

የኮምፒውተሩን ነገር በሩጫ ልለፈው። አንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ሌላውን ለሁለት እየከፈሉ ማባዛት በአገራችን የነበረ ዘዴ ነው፤ ብልህ ዘዴም ነው። ግን በእጥፍ ማባዛት ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የግብፅ ፓፒረሶችም ላይ አለ። የ0 እና የ1ን አቆጣጠር በ1703 በሰፊው ያሳተመው ያው ላይብኒትዝ ነው። እዚህም ሃይማኖት አለ፤ 1 እግዚአብሔር፣ 0 ምንም፣ ከሁለቱ ደግሞ ቁጥር ሁሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህ የፍጥረት ምሳሌ ነው ብሎ ለአንድ መስፍን ጽፎለት ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ የተሻለ ነጥብ ይኖራቸው ነበር። ኮረጁን ከማለት ማለቴ ነው።

ቢግ ባንግ ላይ ስንደርስ ግን ጸሐፊው ራሱን የነገሩን ባለቤት አልሰሙትም። ጆርጅ ለሜትር ቤልጅየማዊ ካህንና የፊዚክስ ሰው ነበር። ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 ጻፈ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ ቀዳማዊ አተም ተነሣ አለ። በ1951 የሮሙ ጳጳስ ፒየስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ከፍጥረት ታሪክ ጋር አያይዘው ንግግር አደረጉ። ለሜትር ደስ አላለውም። ካህን ሆኖ ሳለ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው ብሎ ጸና። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እምነትን ዛሬ በቆመ ንድፈ ሐሳብ ላይ ያሰረ ሰው፣ ነገ ንድፈ ሐሳቡ ሲሻሻል ምን ሊል ነው?

በሌላው ወገን ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሰው ፍሬድ ሆይል አለ። እሱ ሃይማኖት አይወድም ነበር፤ መጀመሪያ ያለው ዓለም የሚለው ነገር የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሸተተው። ቢግ ባንግ የሚለውን ስም ራሱ በ1949 በሬዲዮ ያወጣው እሱ ነው። ዓለም መጀመሪያ የለውም የሚል ተቃራኒ ንድፈ ሐሳብ ይዞ ተከራከረ። እንግዲህ የሃይማኖት ሐሳብ የሚወዱትንም የሚጠሉትንም ገፍቷል። ክርክሩን ያበቃው ግን በ1965 ይፋ የሆነው፣ ሁለት የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከየትኛውም የሰማይ አቅጣጫ ያለማቋረጥ በአንቴናቸው የሰሙት ደካማ ጨረር ነው። መጀመሪያ የርግብ ኩስ ያመጣው ጫጫታ ነው ብለው አንቴናውን ሲጠርጉ ነበር። ኩሱ ተጠረገ፤ ጨረሩ ቀረ።

የቀረው የመጨረሻው ምክር ነው። የጎጃም ወጣት ብራና ይግለጥ፤ ሁሉም ተጽፏል የሚለው። ብራና መግለጡን እደግፋለሁ፤ ይገለጥ፣ ይነበብ፣ ፎቶ ይነሣ። "ሁሉም ተጽፏል" የሚለው ግን ከራሱ ከጎጃም ትምህርት ቤት ጋር አይሄድም። ዋሸራና ጎንጅ በምን ይታወቃሉ? በቅኔ። የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፣ አገባብ ይለያል፣ ከዚያ ጥጉን ይዞ ይቆጥራል። መምህሩ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ የራሱና አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ መሳቂያ ነው የሚሆነው። የሌላ ሰው ሰርቆ ቢያመጣ ደግሞ ጓደኞቹ ስሙን እስኪረሳ ያሾፉበታል። ቤት ያልመታ ወይም ምሥጢር የጎደለው ቅኔ እዚያው፣ በሰው ፊት ይታረማል። የጥንት ሊቃውንትን ቅኔ ይሰማል፣ ያደንቃል፣ ነገ ግን የራሱን ይዞ መቅረብ አለበት። ይህን ልማድ ለምዶ ላብራቶሪ የገባ ልጅ አይቸገርም። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ የፊዚክስ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ከቅኔ ቤት የመጡ ናቸው።

ደግሞም ጸሐፊው በአገራቸው ደጅ ያለውን ዘለሉት። ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው፣ ከታረሰው መሬት መሀል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክብ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሌላው ቦታ ላይ ሲያልቅ እዚያ ቀረ። የቀረው በሳይንስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገነት ምሳሌ ነው፣ ዛፉን መቁረጥ ነውር ነው በሚል እምነት ነው። ዛሬ የሰሜን ኢትዮጵያን አገር በቀል ደን ማጥናት የፈለገ ተመራማሪ መሄጃው እነዚህ ቅጥሮች ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከዓባይ ማዶ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ለዓመታት አጥንቷቸዋል።

ጥናቱ ያመጣው አንድ ነገር አለ። ትልልቆቹ ዛፎች ተጠብቀዋል፤ ማንም አይነካቸውም። ከሥራቸው የሚበቅለው ችግኝ ግን ከብት እየገባ ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም ማለት ነው። ይህን እምነቱ አላየውም፤ እምነቱ የሚከለክለው መቁረጥን እንጂ የጥጃ መግባትን አይደለም። ያየው ችግኝ የቆጠረ ሰው ነው። ከዚያ ከካህናቱ ጋር ተመከረ። ከየማሳው ድንጋይ እየተለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ተካበ፤ ገበሬውም ማሳው ጸዳለት። እንዲህ ያለ ካብ የሚያስፈልጋቸው ቅጥሮች ምሥራቅ ጎጃም ውስጥም ሞልተዋል፤ ችግኛቸውን የቆጠረላቸው ግን ገና ብዙ አይደለም። ለዚያ "ፊዚክስ ምን ያደርግልናል?" ላለኝ ተማሪዬ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነው፤ ሰፈሩ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ፣ አለቃውን አስፈቅዶ፣ በገመድ ከልሎ ይቁጠር።